ኮራል መመደብ ሥራ ይሆናል ወይ? ለአንዲት የባዮሎጂ ተማሪ ምላሽ

እህቴ፣ የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የድንጋያማ ኮራሎች (የድንጋይ አጽም የሚሠሩ የባሕር እንስሳት) ዝግመተ ለውጥና ምደባ ልብሽን ወስዶታል። መምህርሽ ግን «አጽም እያዩ መመደብ ድሮ ቀረ፤ አሁን ሁሉም በዲኤንኤ ነው» ብለውሻል። በዚያ ላይ ዋና አትችዪም። ለማስተርስ ጄኔቲክስ ይሻለኛል ወይስ ታክሶኖሚ (የዝርያ ምደባ)፣ ተምሬስ ሥራ አገኛለሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

መምህርሽ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ምደባ ቮን እና ዌልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1943 ያወጡት ነበር። ሙሉ በሙሉ አጽም ላይ የቆመ ነው። ፖሊፑ፣ ማለትም ትንሹ የኮራል እንስሳ፣ የሚቀመጥባት ጽዋ ምን ትመስላለች፣ በውስጧ ያሉት ሴፕታ የሚባሉ ስስ ግድግዳዎች እንዴት ተደርድረዋል የሚለው ነበር መለያው። በ1996 ሮማኖ እና ፓሉምቢ የተባሉ ተመራማሪዎች የማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል አመንጪ ክፍል) ዘረ መል አነጻጽረው ነገሩን ገለበጡት። ኮራሎቹ በሁለት ትልልቅ ጎራ ተከፈሉ፤ ጎራዎቹም ከድሮው ምደባ ጋር አልገጥም አሉ። የተለያዩበት ጊዜ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ተገመተ። ቅሪተ አካላቸው በደንብ መታየት የሚጀምረው ግን በትራያሲክ ዘመን፣ ከዛሬ 240 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በመሃሉ የት ነበሩ? አጽም ሳይሠሩ ኖረው ይሆን? ወይስ ቅሪታቸው ገና ከድንጋይ ውስጥ አልወጣም? እኔ ብሆን ለዚህ ጥያቄ ብቻ ስል ወደ ሙያው እገባ ነበር።

በ2004 ደግሞ ፉካሚ የተባለው ተመራማሪ ቡድን ሌላ ነገር አሳየ። በአንድ ቤተሰብ ስር ተመድበው የኖሩ የአትላንቲክና የፓሲፊክ ኮራሎች የቅርብ ዘመዳሞች አልሆኑም። ብዙዎቹ የአትላንቲክ ኮራሎች ይበልጥ የሚቀራረቡት እርስ በርሳቸው ነው። በ2012 ፋቪያ የሚለው የጂነስ (የተቀራራቢ ዝርያዎች ቡድን) ስም ለአትላንቲኮቹ ቀረ፤ በዚሁ ስም ይጠሩ የነበሩ በህንድና በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያሉት ዲፕሳስትሪያ ተባሉ።

አሁን መምህርሽ ወዳልነገሩሽ ግማሽ ልምጣ። ከዲኤንኤው በኋላ ተመራማሪዎቹ ወደ አጽሙ ተመለሱ። የሴፕታውን ጫፍ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ጥቃቅን ጥርሶቹ ቅርጻቸውም አሠራራቸውም ከዘረ መሉ የዝምድና ዛፍ ጋር በደንብ ይሄዳል። ምልክቱ አጽሙ ላይ ነበረ፤ የሚያይለት ጠፍቶ ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ያዢ። ቅደም ተከተሉን ከጠየቅሽኝ ግን አጽሙን አስቀድሚ። የላብራቶሪ ሥራና የዘረ መል ትንተና ጥሩ አማካሪ ካገኘሽ ማስተርስሽን እየሠራሽ ትለምጂዋለሽ። ዓይን ግን ቶሎ አይሠለጥንም። አንዱ ዝርያ ማዕበል በሚመታው ቦታ ወፍራምና አጭር ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ብርሃን ባነሰበት ደግሞ ቀጥኖ ወይም ጠፍጥፎ ያድጋል። በተቃራኒው፣ አንድ ዝርያ ሲባሉ የኖሩት በዘረ መል ሲታዩ ሁለትና ሦስት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ይህን የምትለይው ብዙ ናሙና በእጅሽ ስታገላብጪ ነው። በጣም ካረጀ ቅሪተ አካልማ ዲኤንኤ አይገኝም። በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠረውን ታሪክ የምናነበው ከአጽም ነው።

ዋና አለመቻልሽ ከዚህ ሙያ አያስቀርሽም። ከታወቁት ከ1,600 በላይ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ውስጣቸው በብርሃን ምግብ የሚሠራላቸው አልጌ የለም፤ ፀሐይ ስለማይፈልጉም ብዙዎቹ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ይኖራሉ። እነሱን የሚያወጣቸው መርከብ ነው፤ የሚጠኑትም በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ነው። ከሁሉም ቀድመው ከግንዱ የተገነጠሉት፣ ጋርዲነሪዳ እና ማይክራባሲዳ የተባሉት ሁለት ቤተሰቦች፣ የእነዚህ ወገን ናቸው። ጥልቀት በሌለው ሪፍ (ኮራሎች የገነቡት የባሕር ውስጥ አለት) ላይ መሥራት ካማረሽ ግን ዋና ተማሪ። ገና ነሽ፣ ይደረስበታል።

ወደ ሥራው ስመጣ፣ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። «ታክሶኖሚስት» ተብሎ የሚከፈት ቋሚ ቦታ ጥቂት ነው፤ ያለውም በሙዚየምና በዩኒቨርሲቲ ነው፣ ፉክክሩም ከባድ ነው። ይህን ደብቄ ባበረታታሽ እበድልሻለሁ። ዝርያ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላም ቦታ ይፈለጋል። የባሕር ዳርቻ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ሲሠራ፣ እዚያ ምን ኮራል እንዳለ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። የተጎዳ ሪፍ መልሰው የሚተክሉ ሰዎች የሚያባዙትን ዝርያ በትክክል ማወቅ አለባቸው። ንግዱም አለ፤ ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ ሳይተስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት አባሪ ሁለት ውስጥ ስላሉ፣ ድንበር ላይ የተያዘውን ጭነት አይቶ የሚለይ ባለሙያ ይፈለጋል። ለነዚህ ሥራዎች ስታመለክቺ ሲቪሽ ላይ ስታቲስቲክስና በአር (R) ፕሮግራም ዳታ መተንተን ይኑር። እንዲያው ለጌጥ እንዳይመስልሽ፤ ብዙ ጊዜ በር የሚከፍተው እሱ ነው።

ማስተርስ ስትፈልጊ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የናሙና ክምችት ያለበትን፣ ወይም ካለው ሙዚየም ጋር የሚሠራ አማካሪ ያለበትን እዪ። ከዚያ ለክምችቱ ኃላፊ አጭር ኢሜይል ጻፊ። «ኮራል እወዳለሁ» ብቻ ብለሽ አትላኪ። አንድ ጂነስ ምረጪ፣ ከ2012 ወዲህ ስለ እሱ የወጡትን ጥናቶች አንብቢ፣ ዘረ መሉና አጽሙ የማይስማሙበትን አንድ ቦታ ፈልጊ፤ ጥያቄሽ እሱ ይሁን። መጨረሻ ላይ የናሙናዎቹን ፎቶ ወይም የማይክሮ ሲቲ ስካን (የውስጥ ቅርጽን በራጅ የሚያሳይ ምስል) ፋይል ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንዴ አስታውሺያቸው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ክምችት ጻፊ።