ሁሉም ቢራ አንድ ዓይነት መራራ ለሚመስለው ጠያቂ

ወንድሜ፣ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር ስትወጣ እያንዳንዱ የሚምልበት ቢራ እንዳለው፣ ለአንተ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መራራ እንደሆነብህ ጽፈህ «የትኛው ነው ጥሩው? እንዴትስ ልለየው?» ብለሃል። ድራፍት ቤት ውስጥ ለዓመታት ስለቀዳሁ ከባንኮኒው ወዲህ ሆኜ ያየሁትን ልንገርህ።

በመጀመሪያ ምላስህን አትጠራጠር። አገራችን ውስጥ ከሚሸጡት ቢራዎች አብዛኞቹ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በቅዝቃዜ የሚብላላ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ላገር የሚባለው ዓይነት። የዚህ ቤተሰብ አባት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1842 በቦሄሚያዋ ፕልዘን ከተማ የተጠመቀው ቢራ ነው፤ ጊዮርጊስም፣ ዳሽንም፣ ሐበሻም፣ ዋልያም ዘራቸው ከዚያ ይመዘዛል። ልዩነት አላቸው፤ ሰው ማልያ ለብሶ የሚሟገትላቸውን ያህል ግን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ በኋላም የደጋፊነቱ ነገር አልበረደም።

ከባልደረቦችህ ጋር ይህን ሞክሩ። አንድ ሰው ዞር ብሎ በሦስት ብርጭቆ ይቅዳ፤ ሁለቱ ከአንድ ጠርሙስ፣ ሦስተኛው ከሌላ። ቀማሹ የተለየውን ያውጣ። የቢራ ፋብሪካ ቀማሾችም በዚሁ መንገድ ይፈተናሉ። «የእኔን በጠረኑ አውቀዋለሁ» ይሉ የነበሩ ደንበኞች ሦስቱን ብርጭቆ እያዩ ሲያፈጡ ማየት ደስ ይላል። በግምትም ከሦስት አንዴ ማግኘት ስለሚቻል ደጋግማችሁ ቅመሱ፤ በየጊዜው አንድ ጉንጭ ይበቃል።

ከስሙ ይልቅ አያያዙን እይ የምለው ለዚህ ነው። ግሮሰሪ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውል የቢራ ሳጥን አይተህ ታውቃለህ? ብርሃን ከሆፕስ፣ ማለትም ቢራን መራራ ከሚያደርገው አበባ፣ የመጣውን መራራ ነገር ይለውጠዋል፤ ቢራውም ሸለምጥማጥ ሸለምጥማጥ ይሸታል። ጠርሙሱ ቡናማ የሚደረገው ይህን ለመከላከል ነው፤ አረንጓዴው እምብዛም አይከላከልም። ሙቀትና ዕድሜ ደግሞ የራሳቸውን ምልክት ይተዋሉ፤ የእርጥብ ካርቶን ሽታ፣ የደከመ ጣፋጭነት። ስለዚህ ቆርኪው ከመከፈቱ በፊት ቀኑን አንብብ። የተመረተበት ቀን ከተጻፈ የቅርቡን ምረጥ፤ ላገር ተቀምጦ የሚሻሻል መጠጥ አይደለም።

ድራፍት ላይ ነገሩ ይብሳል። ከበርሜሉ እስከ መቅጃው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ በየሁለት ሳምንቱ በማጽጃ መታጠብ እንዳለበት ሙያው ያዛል። ከሠራሁባቸው ቤቶች የአንዱ ባለቤት ግን «ቢራው ራሱ ያጥበዋል» ይሉ ነበር። ቢራው ቱቦውን ሲያጥብ ደንበኛው ኮምጣጤ ጠጣ። ጃምቦህ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ወይም ቅቤ ቅቤ ካለህ አትከራከር፤ ጠርሙስ እዘዝ። ድራፍት የሚጠጣው ወንበር የማይገኝበት ቤት ነው፤ እዚያ በርሜሉ ሳይሰነብት ያልቃል።

ብርጭቆውንም አትለፈው። አረፋው ወዲያው ከሟሸሸ ወይም ነጠብጣብ አየር ከብርጭቆው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከቀረ ቅባት አለበት ማለት ነው፤ ምናልባት የክትፎ ጠረጴዛ የጠረገው ፎጣ ወልውሎት ይሆናል። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ በየጉንጩ የአረፋ ቀለበት ይቀራል። እኛ ዘንድ አረፋ ያየ ደንበኛ የተጭበረበረ ይመስለዋል። እርግጥ ግማሽ ብርጭቆ አረፋ ማጭበርበር ነው፤ ሁለት ጣት ያህሉ ግን የቢራውን ሽታ ወደ አፍንጫህ የሚያመጣልህ እሱ ነው።

አሁን ወደ ምላስህ እንመለስ። ገበያ ሂድና ጥቂት የገብስ ብቅልና ጌሾ ግዛ። ብቅሉን አኝከው፤ መጀመሪያ ዳቦ ዳቦ ይላል፣ ቀስ እያለ ይጣፍጣል። ከዚያ ከጌሾው ቅጠል ቆንጠር አድርገህ ቅመስ፤ ጉሮሮ ላይ ደርሶ አልወርድም የሚል ምሬት ታገኛለህ። ሆፕስ ጌሾ አይደለም፤ የአበባ ወይም የሎሚ ልጣጭ የሚመስል የራሱ ሽታ አለው። ሥራቸው ግን ያው ነው፤ የብቅሉን ጣፋጭነት መግራት። ሁለቱን ለየብቻ ከቀመስህ በኋላ አንድ የነበረው «መራራ» ለሁለት ይከፈልልሃል። ቤት ውስጥ ጠላ ሲጠመቅ ያደገ ሰው በዚህ ይቀድማል፤ የታጠነውን ጋን ጢስና የተቆላውን እንኩሮ ምላሱ ከልጅነቱ ያውቃቸዋል።

እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ቢራ ላይ ይህን ሁሉ አትፈልግ፤ ምላስ ይደነዝዛል። ላገር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል። ጥቂት አስቀርተህ ሞቅ ሲል ቅመሰው፤ የተደበቀው ጉድለት ሁሉ ያኔ ይወጣል። መጥፎ ቢራ የሚሸጥ ቤት አጥብቆ የሚያቀዘቅዘው በከንቱ አይመስለኝም።

«የትኛው?» ላልከው፣ ላገሮቹን እርስ በርስ ከማወዳደርህ በፊት ከቤተሰቡ ውጣ። ሐኪም ስታውት የሚባለውን የሐረር ጥቁር ቢራ ከአንድ ላገር ጎን አስቀድተህ ቅመስ። ስታውት የሚጠቁረው ብቅሉ ስለሚቆላ ነው፤ ቡና የሚመስለው ጣዕምም ከዚያው ይመጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ግልጽ ስለሆነ ምላስህ ድፍረት ያገኛል፤ ወደ ላገሮቹ ስትመለስ ጥቃቅኑን መያዝ ትጀምራለህ። እኔ ከጥብስ ጋር ስታውት እመርጣለሁ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ካለ ግን ምሬቱ ቃጠሎውን ስለሚያባብስ ለስለስ ያለ ላገር ይሻላል። ስታውት ስታዝ ደግሞ ጠያቂው ጥቂት ስለሆነ ጠርሙሱ ፍሪጅ ጥግ ከርሞ ሊሆን ይችላል፤ አስተናጋጁ ሳይከፍተው ቀኑን እንዲያሳይህ ጠይቀው።