የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለመረሬ መሬት የሚሆን የጎልፍ ዌጅ

ከደብረ ብርሃን፦ ያገለገለ ሳንድ ዌጅ (ኳስን ከአሸዋ ሽቅብ የሚያወጣ የጎልፍ ዱላ) ገዛሁ፤ 56 እና 14 የሚሉ ቁጥሮች ተቀርጸውበታል። ክረምቱን ሸጋ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን በግ በጋጠው መስክ ላይ ስለማመድ ኳሷ ወደ ላይ አትነሳም፤ መሬት ለመሬት ተፈትልካ ትሄዳለች። ጥፋቱ የእኔ ነው የዱላው?

ዱላውና መሬቱ አልተስማሙም። 56 የዱላው ፊት ምን ያህል ወደ ኋላ እንዳዘነበለ የሚናገር ሎፍት ነው፤ 14 ደግሞ ባውንስ። ዱላውን መሬት ላይ አቁመው በጎን ይመልከቱት። የፊተኛው ስለት ከፍ ብሎ፣ የሥሩ የኋላ ክፍል ዝቅ ብሎ መሬት ይነካል። ይህ ልዩነት በዲግሪ ሲለካ ባውንስ ይባላል። ሥራው ዱላው አፈር ውስጥ እንዳይቀበር መከልከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የብሪቲሽ ኦፕን የጎልፍ ውድድርን ያሸነፈው አሜሪካዊው ጂን ሳራዘን የዱላውን ሥር በብየዳ ያወፈረው ለዚሁ ነበር፤ አሸዋ ውስጥ እንዲንሸራተትለት።

መረሬ ሲዘንብበት ያብጣል፣ ይላቆጣል፤ ያኔ 14 ባውንስ ባለውለታ ነው። በበጋ ግን ይሰነጠቅና እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ሌሊት ውርጭ ካደረበት ደግሞ ማለዳው ይብሳል። ሰፊው ሥር መሬቱን ሲመታ ይነጥራል፤ ስለቱም ከኳሷ ሥር በመግባት ፈንታ ወገቧን ያገኛታል።

ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ኳሷን በሁለቱ እግሮችዎ መሃል፣ ወይም ትንሽ ወደ ቀኝ እግርዎ ያድርጓት (ግራኝ ካልሆኑ)፤ እጆችዎ ከኳሷ ጥቂት ይቅደሙ። ዘንጉ ወደ ዒላማው 4 ዲግሪ ካዘነበለ ባውንሱም ሎፍቱም በ4 ይቀንሳሉ። ፊቱን አይክፈቱ፤ መክፈት ባውንስ ይጨምራል። ይህ የበጋ ዘዴ ነው፤ በሐምሌ ጭቃ ላይ ቢሞክሩት ዱላው ይተከላል። የሚገዙ ከሆነ ለበጋው ከ6 እስከ 8 ባውንስ ይበቃል። አንድ ዱላ ለሁለቱም ወቅት ካሉ ባውንሱ 10 ሆኖ ሥሩ በተረከዙ (በዘንጉ ወገን ባለው ጫፍ) በኩል የተሞረደውን ይፈልጉ። ያገለገለ ሲገዙም ሥሩን ይገልብጡ፦ ጭረቱ ስለቱ አጠገብ ከበዛ የቀድሞው ባለቤት ቆፋሪ ነበር፤ ወደ ኋላ ከበዛ አንሸራታች።

ከሸዋሮቢት፦ የፒቺንግ ዌጄ (ከሳንድ ዌጅ ይልቅ ፊቱ ቀና ያለው ዱላ) ሎፍት 44 ዲግሪ፣ የሳንድ ዌጄ 56 ነው። ባለ 60ውን ልጨምር?

አይጨምሩ። ክፍተቱ ከመሃል ነው፤ 12 ዲግሪ። በዌጆች መካከል ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ልዩነት ይበቃል፤ ስለዚህ 50 ይግዙ። 60 ኳስን ሽቅብ ይወረውራል እንጂ አያርቅም፤ ትንሽ ስህተትም አይምርም። ደንቡ ከ14 ዱላ በላይ መያዝ ስለማይፈቅድ ቦታውን ለሚጠቅም ይተዉለት።

ከዚያ በእያንዳንዱ ዌጅ 10 ኳስ ይምቱ። ተንከባልላ የቆመችበትን ሳይሆን መጀመሪያ ያረፈችበትን ይለኩ፤ በግልጽ የተበላሹትን ጥለው የቀሩትን አማካይ ይያዙ። ደብረ ብርሃን ወጥተው ሲጫወቱ ግን እንደገና ይለኩ። ከሸዋሮቢት 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ትርቃለች፣ ካረፈችም በኋላ ቶሎ አትቆምም።

ያለውን ዱላ አስጎንብሶ ሎፍቱን መቀየርም ይቻላል፤ ከ2 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። 56ቱን ወደ 54 ሲያወርዱት ባውንሱም በ2 እንደሚቀንስ አይርሱ። በአንጥረኛ ምድጃ አግሎ ማጉበጥ ግን ዱላውን መግደል ነው።

ከደብረ ሲና፦ ዌጄ ዝጓል፤ ፊቱ ላይ ያሉት ቦዮችም ደንዝዘዋል። በሞረድ ላድሳቸው?

ክሮም ያልተቀባ ከሆነ ዝገቱ የሚጠበቅ ነው፤ ቀጭን ዘይት በጨርቅ ማሸት ይበቃዋል። ሞረዱን ይተዉት። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የቦዮቹ ስፋትና የጠርዛቸው ስለት በጠበቀ ደንብ ተወስኗል፤ በእጅ የተሞረደ ዱላ ለውድድር ላይፈቀድ ይችላል። ቦዮቹ ኳሷን እንደ ጥፍር የሚቧጥጡ ይመስላቸዋል ብዙዎች። ዋና ሥራቸው ውሃና ሣር ከመሃል አውጥቶ ብረቱ ኳሷን እንዲነካ ማድረግ ነው። ስለዚህ ጭቃ የሞላው አዲስ ዌጅ ንጹሕ ከሆነ አሮጌ ይብሳል። መረሬው ከመድረቁ በፊት በለብታ ውሃና በፕላስቲክ ብሩሽ ይጥረጉት፤ ከደረቀ በኋላ በምስማር መፈልፈል ጠርዙን ይጎዳል።