አንቲኦክሲዳንቱን ከመግዛትሽ በፊት የእናትሽን ጣቶች እይ

እህቴ፣ «እናቴ የእጇ አንጓ ተሰብሮ ጀሶ ላይ ናት፤ ፋርማሲው ቶሎ ያስገጥማል ብሎ አንቲኦክሲዳንት ሊሸጥልን ነው፣ እንግዛ?» ላልሽው። እኔም እናቴን በዚሁ ስብራት እዚሁ ድሬ አስታምሜያለሁ። አቦ፣ ብርሽን ያዢ።

1. ብዙ ነገር የተደባለቀበትን ውድ ብልቃጥ ተይው። አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ሴሎችን ከጉዳት ይከላከላሉ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ከነሱ መካከል ለአንጓ ስብራት በደንብ የተሞከረው ርካሹ ቫይታሚን ሲ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ የሆላንድ ጥናት ላይ በቀን 500 ሚሊ ግራም ለ50 ቀን ተሰጠ። አጥንት ለማፋጠን አልነበረም። ከስብራት በኋላ እጅ የሚያብጥበት፣ የሚያቃጥልበትና የሚደርቅበት ክፉ ሕመም አለ፤ እሱ ቀንሶ ታየ። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ላይ በዚያው መጠን ሲሞከር ለውጥ አልተገኘም። ስለዚህ ሐኪሟ ከፈቀደ ያችኑ ትውሰድ፣ ከዚያ አታብዙ። የኩላሊት ጠጠር ካለባት ደግሞ በዚህ ሙቀት ጭራሽ አደጋ ነው። ከከፊራ ገበያ ዘይቱን (ጓቫ የሚባለውን ፍሬ) ግዢላት፤ መቶ ግራሙ ብቻ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው።

2. ጣቶቿ ይንቀሳቀሱ። ዋናው ይሄ ነው። ለእናቴ ጀሶ ያሰረላት ሰው «እጅዎን እንዳያንቀሳቅሱ» ብሎ ሸኘን። ስለ ጣት አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሷም የሐኪም ቃል አትጥስም፤ ጣቶቿን ጭምር አድርቃ ተቀመጠች። ጀሶው ሲፈታ መጨበጥ አቃታት። እንጀራ መቁረስ እንኳን! ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ዕድሜ ነው» አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ዕድሜ አልነበረም። ፊዚዮቴራፒ የሠራችላት ልጅ ናት ያስረዳችን፦ ሐኪም ካልከለከለ በቀር ጣት፣ ክርንና ትከሻ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይንቀሳቀሳሉ፤ እጅም ትራስ ላይ ከልብ ከፍ ይላል። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ቁጭ አድርጌ አሠራት ጀመር። ታለቅሳለች፣ እኔ አልለቅም። ዛሬ ቡናዋን ራሷ ትወቅጣለች፤ በዚህ እኮራለሁ።

የእናትሽ ጣቶች ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ጀሶው ጠብቆ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂያት። ዘመድ «ወጌሻ ይሽላት» ቢል እሺ እንዳትዪ። ለቀጣዩ ራጅ ስትሄዱ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ወረቀት ጻፉልን በዪ። ካልጠየቅሽ ማንም አይሰጥሽም።