ከሚካኤል ጀምሮ ያተኩሰዋል

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደ መንዝና ጣርማበር ጤና ጣቢያዎች ለምትሄዱት ነው የምጽፈው።

በወጣትነቴ አንዲት የመንዝ እናት የ3 ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። «ከሚካኤል ጀምሮ ያተኩሰዋል» አለችኝ። ዕለቱ ገብርኤል ነበር፤ ስምንተኛ ቀኑ ማለት ነው። እኔ ግን አልቆጠርኩም። ወረፋው ረጅም ነበር። ገላው ሽፍ ብሏል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ኩፍኝ ብዬ ሸኘኋቸው። ከንፈሩም ተሰነጣጥቆ ነበር። እናቱ ምች መስሏት ዳማከሴ ቀብታዋለች። እኔም ከእሷ የተሻለ አላየሁም።

ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ትኩሳቱ ለቆታል፤ የጣቶቹ ጫፍ ግን ይላጣል። ያኔ ደነገጥኩ። አዲስ አበባ ልከነው በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ፣ ልብን የሚመግበው የደም ሥር አብጦ ተገኘ።

በሽታው ካዋሳኪ ይባላል። ጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1967 የ50 ሕፃናትን ታሪክ ጽፎ አሳወቀው። የደም ሥር ግድግዳ ይቆጣል። በብዛት የሚይዘው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ነው። ካልታከመ ከ4 ልጆች የ1ዱ ገደማ የልብ ደም ሥር ያብጣል። ትኩሳቱ በጀመረ በ10 ቀን ውስጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከሰው ደም የሚዘጋጅ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) ከተሰጠ ግን ይህ ወደ ከ20 ልጆች 1 ገደማ ይወርዳል። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም። ስለዚህ ቶሎ ደውሉ፣ ቶሎ ላኩ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ያን ልጅ ያዘገየው መንገዱ አልነበረም።

ትኩሳት 5 ቀን ከሞላው ልብሱን አስወልቃችሁ በብርሃን እዩት። ዓይኑ ቀልቶ ዓይናር የለውም? ምላሱ እንደ እንጆሪ ቀልቷል? እጅና እግሩ አብጧል? አንገቱ ላይ እጢ አለ? የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ክትባቱ ጠባሳስ ቀልቷል? ኩፍኝ ሳል፣ ንፍጥና እንባ ያበዛል። የካዋሳኪ ምልክቶች ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ላይመጡ ይችላሉ። የትናንቱ ሽፍታ ዛሬ ላይኖር ይችላል። «ታይቶ የጠፋ ነገር አለ?» ብላችሁ እናቱን ጠይቁ፤ ቀን ከሌት ስታየው የኖረች እሷ ናት። ከ6 ወር በታች ያለ ጨቅላ ከትኩሳት ሌላ ብዙ ላያሳይ ይችላል፤ ለልቡ ግን ይበልጥ የሚያሰጋው እሱ ነው።

ቀኑን በቁጥር ብቻ አትጠይቁ። አንዷ ከሚካኤል፣ ሌላዋ ከቅዳሜ ገበያ ትላችኋለች። ሸዋ ሮቢት በኩል ከጁምዓ ወዲህ የምትልም አለች።

ልጁ በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ትንሽ አስፒሪን እየወሰደ አደገ። እኔም ከዚያ ወዲህ ካርድ ላይ እናትየዋ የጠራችውን በዓል እንዳለ እጽፋለሁ፤ ቀኑን ከጎኑ እቆጥራለሁ።