ቆርቆሮው ከመነሣቱ በፊት

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሞጣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው በኩል በአንድ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ግንቦት በረዶ የቀላቀለ ዐውሎ ነፋስ የጤና ኬላችንን ቆርቆሮ ግማሹን ገንጥሎ ወሰደው። መዝገቡ ራሰ፣ ክትባቱ ተበላሸ፣ አንዲት ምጥ የያዛት እናትም ወንዙ ሞልቶባት ሳትሻገር አደረች። እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ተገላገለች። በአሜሪካ ሃሪኬን (ከውቅያኖስ የሚነሣ ከባድ ዐውሎ ነፋስ) ለሚመታቸው የገጠር ክሊኒኮች የአደጋ ጊዜ መመሪያ እንዳለ ሰምቻለሁ። ከእነርሱ የምንወስደው ነገር ይኖር ይሆን? ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ምን እንዳደርግ ይመክሩኛል?
ት.፣ ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ እህቴ፣ ሃሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ውቅያኖስ ነውና ጎጃም አይደርስም። ዝምድና ግን አለን። በአትላንቲክ ላይ የሚነሡት ብዙዎቹ ሃሪኬኖች መነሻቸው ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሣውን አልቤርቶ የተባለ ሃሪኬን ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተከትለው የኢትዮጵያ ከፍታዎች ላይ ከተሰባሰበ ነጎድጓዳማ ደመና ደርሰዋል። የእነርሱ ማዕበል ቀናት ሲቀሩት በሳተላይት ይታያል። የእናንተ ነፋስ ግን አንድ ሰዓት እንኳ ላይሰጣችሁ ስለሚችል ዝግጅቱ ሁሉ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ማለቅ አለበት።

ከእነርሱ የምንማረው ትልቁ ነገር ስለ ነፋሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለችው ሃሪኬን የካሪቢያን ደሴት የሆነችውን ፖርቶ ሪኮን ስትመታ በይፋ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 64 ነበር። በኋላ በተደረገ ጥናት 2,975 ተባለ። ብዙዎቹ የሞቱት ነፋሱ ካለፈ በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ሕክምና ርቋቸው ነው። ነርስ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ቁጥር እንቅልፍ ይነሣኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ስም መጻፍ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚወልዱ እናቶች፣ ኢንሱሊን የሚወጉ፣ የኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ፣ ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደሚኖሩ ጭምር በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈሩ። ወረቀቱ የሰው ምስጢር ስለሆነ ከአንቺና ከባልደረባሽ እጅ አይውጣ፤ ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ። መድኃኒት የሚወስዱት ወንዙ ሳይሞላ ትርፍ እንዲያገኙ ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋገሪ። እናቶቹ ደግሞ ቀናቸው ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ወዳለው የእናቶች ማቆያ ይግቡ። ባልየው «ልጆቹን ማን ያበላል?» ማለቱ አይቀርም። አንቺ ግን አስቀድመሽ አማቲቱን አሳምኚ። እኔ በሠራሁበት አገር የወላድን ጉዞ የምትፈቅደውም የምትከለክለውም እርሷ ነበረች።

ስለ ክትባቱ የምታውቂውን ልድገምልሽ፤ በድንጋጤ ሰዓት የሚረሳው ይህ ነውና። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን አትክፈቺ። የግድ ወደ ክትባት መያዣ ሣጥን ማዛወር ካለብሽ አይስ ፓኩን (ውኃ ተሞልቶ በረዶ የሆነውን ማቀዝቀዣ ዕቃ) ከማቀዝቀዣው እንዳወጣሽ ከብልቃጡ ጋር አታድርጊው። ውጪ አስቀምጠሽ እየጠበቅሽ ጆሮሽ ላይ ነቅንቂው። ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ ስትሰሚ ያን ጊዜ ደርሷል። የልጆቹ አምስት በአንድ ክትባትና የቴታነስ ክትባት ከሙቀት ይልቅ ውርጭ ፈጥኖ ይገድላቸዋል፤ ብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ደግሞ ሙቀትን እንጂ መቀዝቀዝን አያሳይም። ክትባቱ የሚቀመጥበትን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት በቴርሞሜትር እንጂ በግምት አትመኚ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሄለን የተባለችው ሃሪኬን ያመጣችው ጎርፍ በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት ኧርዊን በምትባል ትንሽ ከተማ ወንዝ ዳር ያለን ሆስፒታል ሲያጥለቀልቅ፣ ታካሚና ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ወጥተው በሄሊኮፕተር ተረፉ። ለእናንተ ሄሊኮፕተር አይመጣም። መሸሻችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። ቁልፉ ሌሊት ማን ዘንድ እንደሚያድር ዛሬ ጠይቂ። የእድሩን ዳኛም አነጋግሪ፦ ለቀብር የሚነፋው ጥሩምባ ለጎርፍም ይነፋ፤ ቃሬዛውም የሚሸከሙት ጎልማሶች ተመድበውለት ጤና ኬላው ውስጥ ይቀመጥ።

ጣሪያውን በተመለከተ፣ ነፋስ ቆርቆሮን ወደ ላይ ስቦ ነው የሚነቅለው፤ መጀመሪያ የሚለቀው ጠርዙና ማዕዘኑ ነው። ሃሪኬን በለመዱ አገሮች እያንዳንዱ ወጋግራ ከግድግዳው ጋር በብረት ይታሰራል። ጥሩ አናጺ በወፍራም ሽቦም ቢሆን ይህን ሊሠራላችሁ ይችላል፤ ጠርዙ ላይ ምስማሩን ያብዛው። ጣሪያው ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ካለ ይቆረጥ። መዝገቡ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

ለሽቦው፣ ለምስማሩና ለአናጺው የሚያስፈልገውን በዋጋ ዘርዝረሽ፣ የተገነጠለውን ጣሪያ ፎቶግራፍ አያይዘሽ፣ ከቀበሌው ማኅተም ጋር ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አስገቢ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋልና ደብዳቤው ከግንቦት አይለፍ። ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ስምና ቀን መጻፉን ሳታዪ ከቢሮው አትውጪ።