ቆዳሽን በድንጋይ መፈተግ አቁሚ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመቴ ነው። ክርኔና ጉልበቴ ላይ ነጭ ቅርፊት ያለው ነገር ከወጣብኝ ቆየ። እናቴ ጭርት ነው እያለች ቅባት ስትቀባኝ ኖራለች። በቅርቡ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሶራያሲስ ነው ተባልኩ። «የሴሎችሽ መልእክት ልውውጥ ተዛብቶ ነው» አለኝ፤ ወረፋው ብዙ ስለነበር ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቀው ወጣሁ። በእግር መፈተጊያ ድንጋይ ሳሸው ይለቃል፣ ግን ብሶበት ይመለሳል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ደግሞ እዚህ መርፌ አለው፣ በሰው ልላክልሽ ይለኛል። ልቀበለው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ድንጋዩን ዛሬውኑ ተይው። የሐኪሙ ነገርም የሚገባሽ ከዚሁ ከድንጋዩ ብንጀምር ነው።

ቆዳሽ ሲፋቅ ላይ ላይ ያሉት ሴሎች «ተጎዳን» የሚል ኬሚካል ይለቃሉ። ይህን የሰሙ የመከላከያ ሴሎች ኢንተርሉኪን 23 የሚባል መልእክት ያወጣሉ። እሱ ቲ-ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይቀሰቅሳል፣ እነሱም በተራቸው ኢንተርሉኪን 17 ይለቃሉ፣ ይሄኛው ደግሞ ተመልሶ የቆዳ ሴሎቹን ቶሎ ቶሎ ተባዙ ይላቸዋል። ጤነኛ ቆዳ ላይ አንድ ሴል ከታች ተፈጥሮ ላይ እስኪደርስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። አንቺ ጋ ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ። ስላልበሰለ በወጉ አይረግፍም፣ ይደራረባል። ቅርፊት የምትዪው እሱን ነው። ክፋቱ፣ እነዚሁ የቆዳ ሴሎች መልሰው ሌሎች የመከላከያ ሴሎችን ይጠራሉ። መንደር ውስጥ አንዱ «ሌባ!» ሲል ሌላው ሌባውን ሳያይ ተቀብሎ እንደሚጮኸው ማለት ነው። ስለዚህ በፈተግሽው ቁጥር ጩኸቱን አንቺው ታስጀምሪዋለሽ። ጤነኛ የነበረ ቦታ እንኳ ተቧጭሮ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ሶራያሲስ ሊወጣበት ይችላል።

ለእናትሽም ንገሪያት፣ ጭርት ፈንገስ ነው፣ ይተላለፋል። ይሄ አይተላለፍም። እሷ ላይ ግን አልፈርድም። ፎቶዎቹ ብዙ ጊዜ ነጭ ሰው ላይ የቀላ ቆዳ ነው የሚያሳዩት፣ እኛ ላይ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ግራጫ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ከሌላ ነገር ጋር መምታታቱ የተለመደ ነው።

ድሮ ሐኪሞችም ችግሩ የቆዳው ብቻ ይመስላቸው ነበር። በፈረንጆቹ 1979 ግን የቲ-ሴሎችን ሥራ የሚያበርድ ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት የወሰዱ ሕመምተኞች ሶራያሲሳቸው እንደጠፋላቸው ተዘገበ። የወንድምሽ መርፌ የመጣው በዚያ መንገድ ነው። አሜሪካ በ2015 የፈቀደችው ሴኩኪኑማብ ኢንተርሉኪን 17ን ያግዳል፣ በ2017 የተፈቀደው ጉሰልኩማብ ደግሞ ኢንተርሉኪን 23ን። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ ብዙ ሰው ቆዳው ሙሉ በሙሉ ይጠራለታል።

በሻንጣ የመጣውን ግን አትቀበዪ። ከመጀመርሽ በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው፤ እኛ አገር ተኝቶ የሚቆይ ቲቢ ብዙ ነው፣ መከላከያሽ ሲነካካ ሊነሳ ይችላል። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ አንድ ጊዜ ተወግተሽ የምትገላገዪውም አይደለም። የሚከታተልሽ ሐኪም ሳይኖር እንዳትሞክሪው።

እስከዚያው የታዘዘልሽን የስቴሮይድ ቅባት በታዘዘልሽ ልክ ተቀቢ፣ ቆዳሽን በቫዝሊን አለስልሺ። ካልበቃ ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን አለ፤ እሱ ለጽንስ አደገኛ ስለሆነ የመውለድ ሐሳብ ካለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ከፋርማሲ ዴክሳ ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባሉትን የስቴሮይድ ክኒኖች ገዝተሽ እንዳትውጪ። ለጊዜው ያጠፋዋል፣ ስታቆሚው ግን በጣም ብሶ ሊነሳ ይችላል።

ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ ጥፍርሽን ለሐኪሙ አሳዪው። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጠብጣብ ካለው፣ ወይም ጠዋት ስትነሺ ጣቶችሽ አብጠው አልታጠፍ ካሉሽ፣ ያው መልእክት መገጣጠሚያ ውስጥም ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮውን ሳትጠብቂ ሂጂ።