«ሽማግሌ ብንልክስ?» በቤት ውስጥ ጥቃትና በአደንዛዥ ዕፅ ክስ ላይ ጥያቄና መልስ

በምሥራቅ ጎጃም ፍርድ ቤቶች በተከላካይ ጠበቃነት ስሠራ፣ ሰዎች ወደ እኔ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ያለ ስም እመልሳለሁ።

ከደጀን፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ሚስቱን መትቶ ትናንት ማታ ተያዘ። ቃሉን ቶሎ ሰጥቶ ቢገላገል አይሻልም?

እናቴ፣ አይሻልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ልጅዎ በተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞው የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ከዚህ ውጭ ይታሰባል። ፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ቢጠይቅ እንኳ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። እስከዚያው ድረስ ላለመናገር መብት አለው፤ ከተናገረ ደግሞ ቃሉ በማስረጃነት ይቀርብበታል። አንድ ደንበኛዬ «ገፈተርኋት» ብሎ የተናገረው ቃል በወረቀቱ ላይ «በኃይል መታኋት» ተብሎ ተጽፎ አግኝቼዋለሁ፤ ከሥሩ ያረፈው የጣት አሻራ ግን የራሱ ነበር። ቃሉ ሳይነበብለት አሻራውን ያኖረው ወደ ቤቱ ለመመለስ ቸኩሎ ነው፤ ያንን አንድ ቃል ለማስተባበል ደግሞ ወራት ፈጀብን። ስለዚህ ልጅዎ ቃሉን መስጠት ከፈለገ እንኳ መጀመሪያ ጠበቃ ያማክር፣ የተጻፈው ይነበብለት፣ የተሳሳተው ሳይታረምም አይፈርም።

ከቢቸና፦ የአገር ሽማግሌ ልከን ሚስቱ ክሷን ብታነሣ ጉዳዩ አያልቅም?

ይህን ያልጠየቀኝ ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል፤ ለሽምግልና ያላችሁን ክብርም እጋራለሁ። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት በግልጽ ወንጀል አድርጎ፣ ቅጣቱን ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች ይመራዋል። በእነዚያ አንቀጾች መሠረት በግል አቤቱታ ብቻ የሚታየው ቀላሉ ጉዳት ነው። ዐይን ከጠፋ፣ አጥንት ከተሰበረ ወይም ሕይወት ለአደጋ ከተጋለጠ ግን ነገሩ ወደ ከባድ የአካል ጉዳት ሊሄድ ይችላል፤ ይህም እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ነው። ያን ጊዜ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ እርሷ «ታርቀናል» ብትልም ክሱ በዚያ ብቻ አይቋረጥም። በሽመል ወይም ጉዳት ሊያደርስ በሚችል በሌላ መሣሪያ የተመታች እንደሆነም፣ ጉዳቱ ቀላል ቢሆን እንኳ ቅጣቱ ከፍ ይላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የሽማግሌዎቹ መልእክት «ቃልሽን ቀይሪ» የሚል ሲሆን ነው። ምስክርን የሚያባብል ወይም ማስረጃን የሚያጠፋ ይሆናል ተብሎ የሚገመት ተጠርጣሪ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 መሠረት ዋስትና ሊከለከል ይችላል፤ በቅን ልብ የተላኩ ሦስት አባቶች በተጎጂዋ ወላጆች ደጃፍ በመታየታቸው የታሰረባችሁን ሰው እስራት ልታስረዝሙበት ትችላላችሁ። እርሷም የተጎዳች ሰው ናት፤ ገላዋ ሳይሽር ይቅር በይ ተብላ መገደድ የለባትም። ሽማግሌዎቹ ማገዝ ከፈለጉ የሕክምና ወጪዋን ያስከፍሉላት፣ ለልጆቿ ቀለብ ይቁረጡላት፣ ፈቃዷ ከሆነም ካሳ ያስወስኑላት። ጥፋቱን አምኖ የተጎዳውን ለመካስ የጣረ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ቅጣቱ እንዲቀልለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህን በችሎት ፊት ሳቀርብ አላፍርም።

ከቡሬ፦ አረቄ ጠጥቼ ስለነበር የሆነውን አላስታውስም። ይህ መከላከያ ይሆነኛል?

ወንድሜ፣ በፈቃድህ ጠጥተህ ከሰከርህ በስካሩ ከኃላፊነት አታመልጥም።

ከሞጣ፣ አንዲት ሚስት፦ ባሌ ሲያንቀኝ በዘነዘና መታሁት፤ ተከሳሿ እኔ ሆንሁ።

እህቴ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በአንገት ላይ የቀረ የጣት ምልክት ከጥቂት ቀን በኋላ ይጠፋል፤ ያለ ሐኪም ማስረጃ ደግሞ ነገሩ የእርስዎና የእርሱ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 መሠረት በሕይወት ወይም በአካል ላይ የመጣን ሕገ ወጥ ጥቃት ሌላ ማምለጫ ሳይኖር በተመጣጠነ ኃይል መመለስ ሕጋዊ መከላከል ነው። ከልክ አልፈዋል ቢባል እንኳ፣ ያለፉት ጥቃቱ ባስከተለብዎ ይቅርታ በሚያሰጥ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ያለ ቅጣት ሊያልፍዎ እንደሚችል አንቀጽ 79 ይደነግጋል። ከዚህ በፊት የደረሰብዎን፣ የሰሙትን ጎረቤቶችም ጭምር፣ ለጠበቃዎ አንድ በአንድ ይንገሩ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ወንድሜ የአውቶቡስ ረዳት ነው። ተሳፋሪ ያስጫነው ጆንያ ውስጥ ካናቢስ ተገኝቶ እርሱ ተያዘ።

ነገሩ ከባድ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 እንዲህ ያለውን ዕፅ ያለ ፈቃድ መያዝንና ማጓጓዝን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። (በባሕር ዳር ገበያ በግልጽ የሚሸጠው ጫት ከዚህ ጋር አይደባለቅባችሁ።) ክሱ በፌዴራል ሥልጣን ሥር ቢሆንም በክልላችን የሚታየው በውክልና በክልሉ ፍርድ ቤት ነው።

የክርክሩ እምብርት ወንድምህ ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ነው። እንዲህ ባለ አንድ ጉዳይ ላይ እኔ ያተኮርሁት በጆንያው አፍ ላይ ነበር፤ በሰማያዊ ሲባጎ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቶ ስለነበር ረዳቱ ሳይፈታው ውስጡን ሊያይ አይችልም ብዬ ተከራክሬያለሁ። ስለዚህ የጭነት ደረሰኝ፣ የአስጫኙ ስልክ፣ አጠገቡ የነበሩ ተሳፋሪዎች በአስቸኳይ ይፈለጉ። የተያዘው ነገር ማን ፊት እንደተመዘነ፣ እንዴት እንደታሸገና ለምርመራ እንደተላከም ጠበቃው ይጠይቅ። የቤት ፍተሻ ተደርጎ ከሆነ ፈቃዱ ይታይ፤ ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በቀር ፍተሻ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሚስቱን ለሚደበድብ ሰው ሲቆሙ ኅሊናዎ አይወቅስዎትም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የምቆመው ለዱላው አይደለም። ያልተመታችን ሴት ተመትታለች የሚል ፍርድ የተመታችውንም አይጠቅማትም፤ ማስረጃው ተፈትሾ የጸና ፍርድ ግን በይግባኝ አይናድባትም። ጥፋተኛ መሆኑን የነገረኝን ደንበኛ ሐሰተኛ ምስክር አላቆምለትም፤ አብሬው የምፈልገው የተመጣጠነ ቅጣት ነው።

ከሉማሜ፦ ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም፤ ተፈርዶብኛልም። አሁን ምን ላድርግ?

ጠበቃ ማቆም ባለመቻልህ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ እንዲመደብልህ መብት እንዳለህ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ደንግጓል፤ ለችሎቱ በቃልም ቢሆን አመልክት። ቀኑን ግን ቁጠር፦ የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰህ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ግልባጩን ነገ ጠዋት ከመዝገብ ቤት ጠይቅ።